ደጁን ተሳልሞ

አባቴ አስማረ የሰው ቃል አያምንም። ወተት ሲገዛ ጣቱን ነክሮ ያንጠባጥባል፤ ሰው ሲምልለት ደግሞ ይብስበታል። ከደባርቅ በበቅሎው ቱሪስት እየጫነ ራስ ደጀን ሲያደርስ ሠላሳ ዓመት ሆነው። ከጫፉ የወረደውን ሁሉ «ከላይ ምን አየህ?» እያለ ይመረምራል። መልሱ ካልጣመው «ወጥቷል» ብሎ አይመሰክርለትም። በከተማችን «አያ አስማረ ካልመሰከረ አልወጣም» ይባላል፤ እኔም ልጁ የትነበርሽ በዚህ እየኮራሁ አደግሁ።

የአስጎብኚነት ፈቃድ ባወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ወደ ተራራው ሄድን። ይዣት የመጣሁት ስልሳ ዓመት ያለፋት ፈረንጅ ናት። በመንገድ ላይ «ጠፈር ሄጄ ነበር» አለችኝና ለአባቴ ተረጎምኩለት።

«ስንት ቀን ቆየች?» አለ።

«ጠቅላላው አስራ አንድ ደቂቃ ነው። ሮኬቱ ወደ ላይ ያወጣቸዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይንሳፈፋሉ፣ ምድርን ሳይዞሩ ይመለሳሉ» አልኩት፣ እሷ እንደነገረችኝ።

ሳቁን መያዝ አቃተው። «ይቺማ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልማ አስቀደስኩ ባይ ናት!»

ይህንንም ተረጎምኩላት። አልተቆጣችም። ጠፈር ለአንዳንዶች ከሰማንያ፣ ለሌሎች ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚጀምር፣ እሷም ሰማንያውን እንጂ መቶውን እንዳላለፈች ነገረችን።

«አላልኩሽም? ድንበሩን እንኳ አልተስማሙበትም። ሄድኩ የሚል ሰው መርገጥ አለበት። ምኑን ረገጠች?»

በአራተኛው ቀን ከጫፉ ሥር ደረስን። የመጨረሻው ዐለት በእጅ እየተያዘ የሚወጣ ነው፤ በቅሎ አያስኬድም። አባቴ የኮርቻውን ጠፍር ሊያላላ ጎንበስ አለ። ሴትየዋ «እሱ ስንት ጊዜ ወጥቷል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን እየሳቅሁ ነገርኩት።

እሱ ግን ያላላውን ጠፍር እንደገና ማጥበቅ ጀመረ።

ያን ጊዜ የእሱ ጥርጣሬ ወደ እኔ ተጋባ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ከላይ ምን አየህ?» ሲል ሰው እየመረመረ ነበር ወይስ ራሱ ሊያውቅ ፈልጎ?

«አባዬ፣ ወጥተህ አታውቅም?»

«በቅሎዋን ማን ይይዛታል?» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «ምነው ዛሬ ጠየቅሽኝ?»

ተናደድኩ። ስንቱን ሰው በዚያች ጥያቄ አሳፍሯል! ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ሳየው አንጀቴን በላው።

ሴትየዋ ሳልተረጉምላት ገባት መሰለኝ። ልጓሙን ከእጁ ተቀበለችና «መጀመሪያ እሱ ይውጣ» አለችኝ።

ተከትዬው ወጣሁ። ጫፉን ጉም ሸፍኖታል። ድንጋዩን በመዳፉ ዳበሰ፣ አማተበ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ቆመ። ከፊታችን ከነጭ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ስንወርድ ሴትየዋ፣ እሱ በየመንገዱ ሲጠይቅ ሰምታ በለመደችው አማርኛ፣ «ከላይ ምን አየህ?» አለችው።

«ጉም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አስራ አንዱ ደቂቃ ይቆጠርልሽ ብሎሻል በያት» አለኝ።

ልጓሙን ከእጇ ተቀበለ።

«የትነበርሽ፣ አንቺስ ትመሰክሪልኛለሽ?»