ቦልደር ሲቲ ላይ ኦናን ስንጠብቅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ማውራትም ይከብደኛል። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች «ያቺን ጉዞ ለድረ ገጻችን ጻፊልን» ስላሉኝ ነው። ስህተት ካለ ይቅርታ።

ንጋት 11 ሰዓት፣ ሰዘርን ሃይላንድስ

የ2021 ጸደይ ነው፤ ክትባት ተጀምሯል፤ ማስክ ግን አልወለቀም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ የካዚኖ የሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው ሳይተኙ ከቤቴ ሊወስዱኝ መጥተዋል። መኪናው ውስጥ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ።

«ምንድን ነው? ጸሎት ነው?»

«ካዳ አትቫዥዎሲቴ።»

«ልሳን ወረደልሽ እንዴ ልጄ?»

«የሊቱዌኒያ ቋንቋ ነው ጋሼ። ‹መቼ ይደርሳሉ› ማለት ነው። ‹ቴ› የምትለዋ ለትልቅ ሰው ናት፣ እንደኛ እርስዎ።»

ተቀጥሬ የምንከባከባቸው ወይዘሮ ቢሩቴ ሊቱዌኒያዊት ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ መናገር አይችሉም፤ መስማት ግን ይሰማሉ። ዛሬ ልጃቸው ቶማስ 5 ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርስና በ7 ሰዓት በረራ ጠቅልሎ ቺካጎ ይወስዳቸዋል። ታናሽ እህታቸው ኦና አሪዞና ናቸው፤ በኮሮናው ምክንያት ከተያዩ ዓመት አልፏል። ቦልደር ሲቲ መናፈሻው ውስጥ 2 ሰዓት ላይ ሊሰናበቱ ተቀጣጥረዋል። በዚህ ዕድሜ ዛሬ ካልተያዩ መቼም ላይተያዩ ነው። ኦና እንግሊዝኛ ስለማያውቁ፣ ቶማስም ጠዋቱን ሰማይ ላይ ስለሆነ፣ ቢዘገዩ የምጠይቅበትን ቃል ትናንት በስልክ አስጠናኝ።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ኢንስፒራዳ

የወይዘሮ ቢሩቴ ቤት ባዶ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሻንጣና ዊልቸር ብቻ ቀርቷል። ወይዘሮ ቢሩቴ ሰማያዊ ሹራባቸውን አስወጥተው ለበሱ። በደህናዋ ግራ እጃቸው ጸጉራቸውን እያሳዩ ማበጠሪያ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ አበጠርኳቸው።

2 ሰዓት ተኩል፣ ቦልደር ሲቲ

መናፈሻው ሣር ላይ ቀንዳም የበረሃ በጎች ይግጣሉ። ነፋሱ ይበርዳል። ኦና የሉም። መኪና ባለፈ ቁጥር ወይዘሮ ቢሩቴ አንገታቸውን ያዞራሉ፤ እኔም አብሬ አዞራለሁ።

እኔ በአማርኛም ስልክ ስደውል እጄን ያልበኛል። ቃሉን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ለኦና ደወልኩ።

«ካዳ አትቫዥዎሲቴ?»

ኦና ደስ ብሏቸው መሰለኝ ብዙ ተናገሩ። ረጅም፣ ፈጣን። ያኔ ነው የገባኝ፤ ጥያቄውን አጥንቼ መልሱን አላጠናሁም! አንዲት ቃል አልያዝኩም። ደግሜ ጠየቅሁ፣ ደግመው ነገሩኝ። ላለቅስ ደርሼ ስልኩን ስፒከር አደረግሁና ለወይዘሮ ቢሩቴ አቀረብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘረጉ፣ አምስት ጣት። አጠፉና እንደገና ዘረጉ። አስር።

«ጋሼ፣ አስር ሰዓት ነው የሚደርሱት!»

ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አስር ሰዓትማ ቢሩቴ ሰማይ ላይ ናቸው። አሮጊት ሴት ነፋስ ላይ አታስቀምጪ፤ ቀስ እያልን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እንሂድ።»

ትንሽ ጠብቀን ጫንናቸው። በአማርኛ «አይዞዎት» አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ።

3 ሰዓት ተኩል አልፎ፣ መንገድ ላይ

ፊት ወንበር የተቀመጡት ወይዘሮ ቢሩቴ መስኮቱን በጡጫ ይመታሉ። እያለቀሱ ነው። «አሟቸው ይሆን?» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ዳር ይዘው ቆሙ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ቢሩቴ እጃቸውን ዘርግተው የመኪናውን ሰዓት በጣታቸው መቱ። 9:41 ይላል። ጣታቸውን ዘረጉ፣ አምስት፣ አምስት።

ሰዓቱንና ጣታቸውን እያፈራረቅሁ አየሁ።

«ጋሼ... እሳቸው የአበሻ ሰዓት ምን ያውቃሉ! አስር ያሉት የፈረንጅ አስር ነው። በኛ አራት ሰዓት ማለት ነው!»

ጋሽ ታደሰ ግንባራቸውን መቱ። «ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ! አንቺስ ሕፃን ነሽ፤ እኔን ምን ነካኝ?» መኪናውን አዞሩ። «ጌታ ሆይ፣ ፖሊስ ብቻ አታሳየኝ!»

ለኦና ደወልኩ፤ አይነሳም። እየነዱ ይሆናል። ወይስ ደርሰው ባዶ ወንበር አይተው ተመልሰው? ያ ሁሉ መንገድ በኔ ቁጥር ምክንያት ከንቱ ሊሆን ነው እያልኩ ወረቀቱን ጨምድጄ ጨምድጄ ቀደድኩት።

4 ሰዓት ከሩብ፣ መናፈሻው

አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት የመኪናቸውን በር ከፍተው ሊገቡ ነው። ጋሽ ታደሰ ጡሩምባ ነፉ። በጎቹ በረገጉ። ሴትየዋ ዞሩ።

ዊልቸሩን እስካወርድ አልጠበቁም። በመኪናው በር በኩል ጎንበስ ብለው የእህታቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። ማስኩንም ረስተዋል። ጋሽ ታደሰ ወደ በጎቹ ዞረው ቆሙ፤ እኔም ዞርኩ።

የነበራቸው ጊዜ ከሃምሳ ደቂቃ አይበልጥም። ኦና ጥቁር ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አምጥተዋል። ይተርካሉ፤ ወይዘሮ ቢሩቴ በእጃቸው ይመልሳሉ። ጎማ ተንፍሶባቸው እንደዘገዩ ኋላ ከቶማስ ሰማሁ።

5 ሰዓት ሲል ጋሽ ታደሰ ቁልፋቸውን አንቀጫቀጩ። ወይዘሮ ቢሩቴን አስገብቼ ቀበቶ አሰርኩላቸው። ኦና የተረፈውን እንቁላል በሶፍት ጠቅልለው እጄ ላይ አደረጉ። ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ ቃል አጣሁ፤ አንገቴን ደፋሁ። አገጬን ቀና አደረጉት። አሪዞና ያለበትን አቅጣጫ በእጃቸው አሳይተው፣ ያለ «ቴ»፣ እንደ ልጃቸው ጠየቁኝ፦

«ካዳ አትቫዥዎሲ?»