ወንዙ የሸኛቸው ሙሽራ

ባለፈው ሳምንት ከሎን ማውንቴን ተራራ ወዲያ ዝናብ ጥሎ፣ ቬጋስ አሊያንቴ ሰፈር ቤታችን አጠገብ ያለውን ደረቅ ቦይ ጎርፍ ሞላው። እኛ ሰፈር ጠብታ አልወረደም። ልጄ ሐና ከሥራዋ ደውላ፣ «ማሚ፣ ዛሬ ድራይቭ እንዳታደርጊ። ግን ዝናብ ሳይኖር ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በወጣትነቴ በጠራራ ፀሐይ ጠይቄው ነበር።

ያኔ በዲቪ ቬጋስ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ዘውዲቱ፣ «አላስካ ዓሣ ፋብሪካ ኦቨርታይም እንደ ጉድ ነው። ደግሞ ብርድ አለ!» ስትለኝ፣ ያ አስፋልት የሚያቀልጥ ሙቀት አንገሽግሾኝ ስለነበር ከኦቨርታይሙ ይልቅ ብርዱ አጓጓኝ። ለሰመሩ ወራት አብሬያት ሄድኩ።

እዚያ ሩት የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት፣ ወንዝ ዳር ካለው ቤታቸው አንድ ክፍል አከራዩን። «እማማ ሩት» እንላቸው ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን ሊያገቡ ነው! ሙሽራው ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ቶም የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ያን ሰሞን የሠርጉ ኬክ ሲጋገር ቤቱ ሁሉ ቅቤና ቫኒላ ይሸት ነበር።

በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ፖሊስ በሩን አንኳኳና፣ «ወንዙ ሊሞላ ነው፤ ቶሎ ውጡ» አለን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዘውዲቱ ልብስ እያሰጣች፣ «ጎርፍ? በዚህ ፀሐይ?» ብላ ሳቀች። እኔም ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅሁ።

እማማ ሩት አልሳቁም። ተራራውን እያሳዩ አስረዱን። እላይ ትልቅ የበረዶ ግግር አለ። ግግሩ የአንዱን ሸለቆ አፍ ስለሚዘጋው፣ በሙቀት የቀለጠው ውሃ ከኋላው እየተጠራቀመ ሐይቅ ይሆናል። ውሃው ሲበረታ በረዶውን ከሥሩ ይቦረቡረውና ሐይቁ ባንዴ ይለቀቃል። «ሲለቀቅ ደግሞ ዝናብ ኖረ አልኖረ አይጠይቅም፤ ተነሡ ልጆቼ» አሉ።

እሳቸው የሠርጉን ኬክ እንደ ሕፃን አቀፉ። እኔ የሙሽራ ቀሚሱን ያዝኩ። ዘውዲቱ ልብሷን ገመዱ ላይ ትታ ከቬጋስ ያመጣችውን በርበሬ ይዛ ወጣች። ኮረብታው ላይ ያለ ትምህርት ቤት ተጠለልን።

ከዚያ ሆነን ቁልቁል አየን። ወንዙ አመድ መስሎ፣ ግንድና መኪና የሚያካክል በረዶ እያላተመ ወረደ። እዚያ ድረስ ፍሪጅ የተከፈተ ይመስል ቀዝቃዛ አየር መታን። ዳርቻው እየተገመሰ ሄደ። መጀመሪያ የዕቃ ማስቀመጫው ጎጆ፣ ቀጥሎ ቤቱ ራሱ ቀስ ብሎ፣ እንደሚንበረከክ ሰው አጎነበሰና ውሃው ውስጥ ገባ።

እማማ ሩት ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ ቤት ነው። እጃቸውን ያዝኩ። ብዙ አለቀሱ። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠረጉና፣ «ቶም ‹ወደ እኔ ቤት ግቢ› ሲለኝ ቤቴን መተው አቅቶኝ ስንት ጊዜ አስቸገርኩት! ወንዙ ገላገለው» አሉ። መሳቅ ይገባን እንደሆነ ግራ ገባን። እሳቸው ሲጀምሩ ግን ማን ያቆመን!

ድልድዩ ተዘግቶ ስለነበር ሙሽራው ማዶ ቀሩ። በስልክ፣ «እስኪከፈት ከዚህ አልነቃነቅም» አሉ። ሐይቁ ተሟጦ ኖሮ፣ በማግስቱ ውሃው እንደ አመጣጡ ሁሉ ፈጥኖ ጎደለ። መብራት ስለጠፋ ሰው ከየፍሪጁ ያወጣውን ሳልመን ዓሣ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በከሰል ጠበስነው። ዘውዲቱ በርበሬዋን ነሰነሰችበት። ሰዉ ዕንባውን እየጠረገ «ጨምሩልን» ይላል።

ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ተመርምሮ ለእግረኛ ተከፈተ። የእማማ ሩት ጫማ ከቤቱ ጋር ስለሄደ፣ ከነጭ ቀሚሳቸው ሥር እኔ የተጫማሁትን የፋብሪካ ቦቲ አደረጉ። እኔና ዘውዲቱ እልልታችንን አቀለጥነው። ያ ሁሉ ሕዝብ እኛን ተከትሎ እልል ሊል ሲሞክር የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጮኸ። ከማዶ ደግሞ ቶም ሱፋቸውን እንደለበሱ፣ ዕድሜያቸውን ረስተው፣ ድልድዩ ላይ ሮጡ።

ይህን ሁሉ ለሐና በስልክ ነገርኳት። «ቤቷ በወደቀ ማግስት? ሠርጉን ለሌላ ቀን ፖስፖን ማድረግ አትችልም ነበር?» አለችኝ። ይችሉ ነበር። ሐዘኑም ቢሆን አልቀረም፤ በሠርጉ ጭፈራ መሃል እማማ ሩት ቤታቸው የነበረበትን ባዶ ቦታ ዞር ብለው ሲያዩት አይቼ፣ እኔም ቆሜ ቀረሁ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ አይተውት ሲያበቁ እጄን ይዘው ወደ ጭፈራው የመለሱኝ እሳቸው መሆናቸው ነው።