ደንገሉ ውስጥ ማን ገባ?

ጎረቤቴ ማቴዎስ አረቄ ባፉ ዞሮ አያውቅም። ጴንጤ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ በአዋሳ ሐይቅ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ደም ሲያስታውክ ግን የሰፈራችን ምላስ ወዲያው ፈረደበት። «ተደብቆ ሲጠጣ ኖሮ ነው!» አሉ። ሰው እየሞተም ከማማት የማይመለስ ሰፈር!

እኔና ሚስቱ ታቢታ ደግፈን ሆስፒታል አደረስነው። በመንገድ ላይ እጁ በእጄ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ፈራሁ፤ ዋሽቼ «አይዞህ» እለው ነበር። ሐኪሙ ከግራ ጎኑ በታች ሆዱን ሲጫን ጣፊያው አብጦ አገኘው።

«ይጠጣሉ?»

«ኧረ በጌታ! ቀምሼም አላውቅ።»

«ውኃ ውስጥስ ይቆማሉ?»

«እንጀራዬ እሱ አይደል እንዴ?»

ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። ቢልሃርዚያ የሚባለው ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ በጉበት የሚያልፈውን የደም መንገድ ይዘጋል። መንገድ ያጣው ደም ወደ ምግብ ቧንቧ ሲዞር እዚያ ያሉት ደም ሥሮች ያብጣሉ፣ ይሳሳሉ፣ ይፈነዳሉ። ባበጡ ቁጥር አደጋው ይብሳል፤ አንዴ የደማ ሰው ደግሞ መልሶ ሊደማ ይችላል። አስፕሪን እንዳይነካም አስጠነቀቀው። ማቴዎስ ራሱን ባመመው ቁጥር ሲውጠው ነው የከረመው።

«ቀንድ አውጣው ሐይቁ ዳር በሚበቅለው ደንገል ውስጥ ይበዛል» አለ ሐኪሙ። «ከእርስዎ ጋር እዚያ የሚገባ ማን አለ? ሳይደሙ መድኃኒት እንስጣቸው።»

አብዮቱ ጴንጤን ያሳድድ ነበር፤ ቀበሌ ጸሎት ቤታቸውን ካሸገው ወዲህ ማቴዎስ አማኞቹን የሚያጠምቀው ደንገሉ ውስጥ ነበር፣ ሰው በማያይበት። ስማቸውን ቢጠራ እስር ቤት ይጠብቃቸዋል፤ ባይጠራ ደግሞ ይኸው ደም።

ታቢታ በሩን አየች። ቀጥላ እኔን፣ የመንግሥት አስተማሪዋን፣ አየችኝ። ነገሩን እንደማውቅ አታውቅም። ስንት ዓመት ጨውና በርበሬ የተበዳደርን ጎረቤታሞች ሆነን ፈራችኝ!

«ልውጣላችሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ታቢታ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ዶክተር» አለች፣ «መጀመሪያ ልጃችንን ሮማንን ይዩልን። ባለፈው ወር አባቷ ነው እዚያ ያጠመቃት።»