አባቴ የዘለሉት ስም

ከሐይቁ ዳር ታጭዶ ፀሐይ ላይ የተሰጣ የታንኳ መሥሪያ ደንገል ሽታው በነፋስ ሲመጣብኝ፣ ዛሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር ወደቡ አጠገብ፣ ጣሊያኖች ካቆሙት ሰሌዳ ሥር የቆምሁ ይመስለኛል።

ሰሌዳውን ያቆሙት በገቡበት ዓመት፣ ክረምቱ እንዳለቀ ነበር። በሁለት ግንድ ላይ ሳንቃ መትተው፣ አዋጃቸውን በአማርኛ እያስጻፉ ይለጥፉበት ነበር። ማንበብ የሚችል ጥቂት ስለነበር፣ አባቴ መሪጌታው ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያተኛው እንዲያነቡ ታዘዙ፤ እንቢ ማለት አይቻልምና አነበቡ።

በጋው ሲገፋ ግን ሰፈሩ ሰሌዳውን ቀስ በቀስ የራሱ አደረገው። ጥጃ የጠፋበት የጥጃውን ገመድ ከጠርዙ ያስር ነበር፤ ታንኳ ለመሥራት ረዳት ያጣ አንድ እስር ደንገል ያንጠለጥላል፤ ለቅሶ የገባበት ቤት ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ይሰቅላል። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚያ ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቶ፣ ማን ምን እንደገጠመው አውቆ ወደዚያው ያቀና ነበር።

እኔ ከአባቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ስለደገምሁ፣ ሲያነቡ ከጎናቸው ቆሜ በዓይኔ እከተላቸው ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ማንበቧ ብርቅ ነበርና ኩራቴ ለብቻው ነበር።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ የሽፍቶች ስም ዝርዝር ተለጠፈ። ጣሊያን ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቹን ነበር፤ የሸሸጋቸው ቤቱ ይቃጠላል ይላል። አባቴ አንድ በአንድ እያነበቡ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ አለፉት።

«አባባ፣ አንድ ስም ዘለሉ!» አልሁ ጮክ ብዬ።

ከወታደሮች ጋር ቆሞ ያዳምጥ የነበረው የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ዞር ብሎ፣ «ማንን ነው የዘለሉት መሪጌታ?» አላቸው።

«ዓይኔ ደክሞ ነው» አሉና፣ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብለው፣ «ኑሩ ሰይድ» ብለው አነበቡ።

ኑሩ የጎረቤታችን የታንኳ ሠሪው የአያ ሰይድ ልጅ ነው። ቆስሎ መጥቶ ከአባቱ ግቢ ከደንገሉ ክምር ኋላ መተኛቱን፣ ከቤተሰቡ ሌላ የሚያውቁት አባቴ ብቻ ነበሩ።

አስተርጓሚው «ያዟቸው!» ሲል፣ ቀስ ብለው እንጂ የማይናገሩት አባቴ ድንገት ይጮኹ ጀመር፤ «እኔን ካህኑን! በልጄ ፊት!» እያሉ ከወታደሮቹ ጋር ሲታገሉ ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ያኔ አያ ሰይድ ከሕዝቡ መካከል ሹልክ ብለው ሲወጡ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሲፈተሽ፣ ኑሩን የጫነችው ታንኳ በሐይቁ ላይ ወደ ማዶው ደልጊ ርቃ ሄዳ ነበር።

አባቴ ከስምንት ቀን በኋላ ጀርባቸው በጅራፍ ተተልትሎ ተመለሱ። እኔ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ፊደል አላየሁም። አንድ ዝናባማ ጠዋት የአያ ሰይድ ሚስት እትዬ ዘይነባ ዓሣ ይዘው መጥተው አቀፉኝና፣ «አታልቅሽ የኔ ልጅ፣ ኑሩ ድኗል» አሉኝ። አባቴም ዳዊቱን ከጭኔ ላይ አኑረው፣ «ማንበቡን አትተዪ። ከእንግዲህ ግን ሳነብ ወረቀቱን ብቻ አትዪ፤ እኔንም እዪኝ» አሉኝ።

አሁን እዚያው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ከሚባለው ሰፈር ከልጄ ቤት ነው የምኖረው። መንገዱ ዳር ያለው ሰሌዳ በወረቀት ተሸፍኗል፤ የሚከራይ ቤት፣ የሙት ዓመት፣ የጠፋ ልጅ። ሁሉም ማንበብ ይችላል፣ እየሄደ አንብቦ ያልፋል። እኔ ግን ከጠፋው ልጅ ስም ላይ ስደርስ እቆምና፣ «ይኼ የማን ልጅ ነው?» ብዬ የምጠይቀው ሰው በዓይኔ እፈልጋለሁ።