ማኖል የፈረደበት ሰው

ሮዶፒ ተራራ ላይ ባለችው በእኛ መንደር፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት የስለቱን በግ የሚያርደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ በዓመቱ ውስጥ ሰው የመታ እጅ የማረጃውን ቢላዋ አይነካም። ከባለቤቱ መንጠቅ ግን ነውር ነው፤ ራሱ እስኪሰጥ ይጠበቃል። ማኖል የተረከበው ከታላቅ ወንድሙ ከስቶዩ ነበር። ስቶዩ ሚስቱን በጥፊ ሲመታ ጊዜ ማኖል ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ በሕዝብ ፊት እጁን ዘረጋ። ስቶዩም እያለቀሰ በሁለት እጁ አስረከበው።

ያን ጊዜ ማኖል ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነበር። በጉን እንኳ ጨው አልሶ፣ ጆሮውን አሻሽቶ ነው የሚያርደው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። በጎረቤት ቀብር ላይ ሳቀ፤ የሙታኑን ንፍሮ ከሕፃናት እጅ እየቀማ ዛቀ። ጮኸብኝ ብሎ ውሻ በሰንሰለቱ እንደታሰረ በድንጋይ ጨፍልቆ ገደለ። ሾርባው አለቀ ሲባል ሚስቱን ኔዳን በእሳት መቆስቆሻ ብረት ፊቷን አላት፤ ቅንድቧ ተተረተረ። ደሟ እየወረደ እሱ ዳቦውን ቀጠለ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አላት ቆይቶ።

"መትተኸኝ ነዋ!"

"እኔ? እኔ ሰው መትቼ አውቃለሁ?"

መንደርተኛው "እያወቀ ነው የሚክደው" አለ። መቼስ ምላስ አጥንት የለው። የከተማው ሐኪም ግን ለኔዳ ሌላ ነገር ነገራት፦ "እማማ፣ እየዋሸ አይደለም። በሽታው የበላው የአንጎሉን የፊት ክፍል ነው። የሰው ጥፋት ይታየዋል፤ የራሱ አይታየውም። ስለት ነገር አርቂበት።"

እንዴት ታርቅ? ቢላዋው ትራሱ ሥር ነው፤ በዓሉ ደርሷል፤ የልጅ ልጇ ያናም መምጣቷ ነው።

በበዓሉ ጠዋት ልጃቸው አሴን ከያና ጋር መጣ። ቢላዋውን ከትራሱ ሥር ሊያወጣ ሲል አባቱ ደረሰበት። ማኖል የልጁን ጭንቅላት ይዞ ከበሩ መቃን ጋር አላተመው፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ እስኪረግፍ ደጋገመው። ኔዳ ጀርባው ላይ ተንጠልጥላ ብትጮህ አልሰማትም፤ የተወው ሲደክመው ነው። ከዚያ ቢላዋውን መታጠቂያው ውስጥ ሻጠና እያፏጨ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ።

በጉ ቀንዱ ላይ ሻማ በርቶለት ቆሟል። ልጆች ግንባራቸውን በደሙ ሊቀቡ ተሰልፈዋል፤ ያና ከፊት ናት። ማኖል ቢላዋውን ሲመዝ ቄሱ አፈገፈጉ። ወንዱ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ የእኛ ሰው ከሞት ይልቅ ነውር ይፈራል!

ኔዳ አሴንን አስከትላ ገብታ ፊቱ ቆመች።

"ማኖል፣ ፍርድ ስጠኝ።"

"አሁን? በጉ እየጠበቀ፣ አንቺ ሴትዮ?"

"ሚስቱን በብረት የፈነከተ፣ የልጁን ጥርስ ያረገፈ ሰው ይህን ቢላዋ ይይዛል?"

ፊቱ በቁጣ ቀላ። "ይሄን? እጁን ቆርጬ ለውሻ ነው የምጥለው! ወንድሜን እንኳ አልማርኩ!"

"ያ ሰው አንተ ነህ፣ አባባ" አለ አሴን፣ አፉን በጨርቅ እንደያዘ።

ማኖል ሳቀ። ከዚያ ዞሮ የልጁን ያበጠ ፊት አየ።

"ልጄ! ማነው እንዲህ ያደረገህ? አሳየኝ፣ አርደዋለሁ!"

ቢላዋውን እየወዘወዘ ሕዝቡ መሃል ገባ። ሰዉ እየተረጋገጠ ሸሸ፤ የአንድ ጎረምሳ ክንድ ተሰንጥቆ ደሙ ተንዠቀዠቀ፤ ያና ተገፍትራ ወድቃ ታለቅሳለች። ኔዳ ቢላዋው ጫፍ ድረስ ተጠጋች። አላወቀም፣ በእውነት አላወቀም፤ ከብረቱ ይልቅ እሷን የጎዳት ይሄ ነው።

"ያ ሰው እዚሁ ነው ያለው" አለችው ቀስ ብላ። "ቢላዋህን ሊወስድ ነው የመጣው። ለእኔ ስጠኝ፣ ልደብቅልህ።"

ማኖል ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ፣ ያኔ ስቶዩ እንዳስረከበው፣ በሁለት እጁ አስረከባት።

"ያዢልኝ። ለዚያ ባለጌ እንዳትሰጪው!"

"አልሰጠውም።"

አሴን ከእናቱ ተቀብሎ በጉን አረደና መለሰላት። ማዕድ ሲቀርብ ማኖል ከኔዳ ጎን ተቀምጦ ስጋውን እየጎረሰ፣ በቅባታም ጣቱ የቅንድቧን ጠባሳ ዳሰሰ።

"መጣ እንዴ ያ ሰውዬ?"

"አልመጣም። ብላ" አለችው፤ እጇ መቀነቷ ውስጥ ያለውን ቢላዋ እንደጨበጠ ነበር።