ለአባቴ ያልተዋጠለት ፍንዳታ

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን በቀን አንድ ጊዜ ይፈነዳ ነበር። የምንኖረው ከላፍቶ ወደ ለቡ በሚወስደው የአፈር መንገድ ዳር ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ያ ሁሉ ቦታ ያኔ ግማሹ የጤፍና የሽምብራ ማሳ፣ ግማሹ ደግሞ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰውዬ ፊሽካ እየነፋ በመንገዱ ይሮጥና «ድማሚት! ድማሚት!» ይላል። እናቴ ብርጭቆዎቹን ከመደርደሪያው አውርዳ አልጋ ላይ ታስተኛቸዋለች። እኛ ልጆች የቅልሞሽ ጠጠራችንን ጭናችን ላይ አድርገን ግድግዳ ሥር ቁጢጥ እንልና ጆሯችንን እንደፍናለን። ከዚያ መሬቱ አንዴ ይዘላል፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ውሾች ይጮሃሉ፣ እናቴም ብርጭቆዎቿን መልሳ ትደረድራለች። እንግዳ ሰው ክው ይላል፤ እኛን የሚጨንቀን ግን ሳይፈነዳ የዋለ ቀን ነበር።

ያንን ሁሉ የሚያፈነዳው አባቴ ነው። ገመቹ ይባላል። እዚያው ላፍቶ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ከሚያርሱት ማሳ ጎን በተከፈተው ካባ መጀመሪያ ድንጋይ ፈላጭ፣ ኋላ ድማሚት ቀባሪ የሆነ ሰው ነው። ማታ ሲገባ ኮቱ ተጭሮ የጠፋ ክብሪት ክብሪት ይሸታል። እኔ ያንን የአባት ሽታ አድርጌው ነበር፤ የሌሎች ልጆች አባቶች ለምን እንደማይሸቱ ይገርመኝ ነበር። ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ተረት ነበረችው፤ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይላል። ለእሱ ይህ የወግ ማሳመሪያ አልነበረም። የተቀበረ ድማሚት አንዳንዴ ሳይፈነዳ ይቀራል፤ «ይሄ ከሽፏል» ብሎ እጁን የሰደደ ሰው እጁን አያገኘውም። የአባቴ አሥሩም ጣቶች አብረውት የኖሩት በጥርጣሬው ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ትምህርት ቤታችን ወደ ጎፋ በኩል ስለነበር ክፍሌ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ይበዙ ነበር፤ አባቶቻቸው ከረባት የሚያስሩ፣ ቢሮ የሚገቡ። «ድማሚቷ» ብለው ስም አወጡልኝ። ከኋላዬ ይመጡና ጆሮዬ ሥር «ቡም!» ብለው ይሮጣሉ። እዚያ ስስቅ እውልና ንዴቴን ማታ እናቴ ላይ እወጣለሁ።

የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር መኩሪያ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጠመኔው ጣታቸው ላይ እስኪያልቅ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከመጽሐፉ ወጣ አሉና ዓለም እንዴት እንደጀመረ ነገሩን። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ሰማዩም፣ ከዋክብቱም፣ እኛም የተገኘነው ከአንድ ታላቅ ፍንዳታ ነው አሉ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ማታ እራት ላይ ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ሥራው ሰማይ ድረስ መድረሱ ነዋ! አባቴ ግን የጠቀለላትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሳት።

«ማን ነው ያቀጣጠለው?» አለኝ።

«እሱን አልነገሩንም።»

«የት ቆሞ?»

ድማሚት የሚቀብር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የት እንደሚሸሸግ ነው ብሎ አስረዳኝ። አቀጣጣይ የሌለው ፍንዳታ ሥራ አይባልም፣ አደጋ ነው የሚባለው። በዚያ ላይ ፍንዳታ ይበትናል እንጂ አይሰበስብም። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሳፈነዳ ከጭሱ ውስጥ አንዲት ጥርብ ድንጋይ እንኳ ተስተካክላ ወጥታ አታውቅም» አለ። «እንዴት ሆኖ ነው ሰማይና ምድር የሚወጣው? አልተዋጠልኝም። ኢንተላ ኮ፣ እስቲ ቲቸርሽን ጠይቂልኝ።» ኢንተላ ኮ በአፋን ኦሮሞ «ልጄ» ማለት ነው፤ አባቴ አማርኛው መሀል እሷን ጣል ካደረገ ነገሩ ከልቡ ነው።

እናቴ ነገሩን ወደ ሃይማኖት ልትወስደው ሞክራ ነበር። «እግዚአብሔር ፈጠረው፣ አለቀ» ስትለው፣ «እሱን መች አጣሁት፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ሥራው ነው» አላት። አባቴ የተጠራጠረው እንደ ባለሙያ ነው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። ቲቸር መኩሪያ «እሺ ሌንሴ» አሉኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ገና ሳልናገር አፏን በእጇ ይዛለች። ብድግ ብዬ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» አልኩ።

ማታ አባቴ እግሩን ታጥቦ ደጃፉ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። «ምን አሉ?» አለኝ። ዓይኑን ሳየው «አልጠየቅኩም» ማለት አቃተኝ። «ራሱ ነው የተቀጣጠለው አሉ» አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ጊዜ ወስዶ አሰበበት። ድማሚት ሲያረጅ ያልበዋል፣ ካላበው ደግሞ ማንም ሳይነካው ሊፈነዳ ይችላል አለ። «እንግዲያው ከፍንዳታው በፊት ያረጀ ነገር ነበረ ማለት ነው። ምን እንደነበረ ጠይቂልኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። አባቴ በየማታው ጥያቄ ይሰጠኛል፤ እኔ ጥያቄውን ደብተሬ ውስጥ ደብቄው እውላለሁ፤ ማታ ከራሴ ፈጥሬ መልስ አመጣለታለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ውሸት ግን እያደር ከበደ። መልሴ የቲቸር መልስ እንዲመስል ከትምህርት በኋላ የቀበሌው ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ሽፋኑ የወለቀ አሮጌ የሳይንስ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። ከዚያ ዓመት ትምህርት እስከ ዛሬ የማስታውሰው ለውሸቴ ስል ያነበብኩትን ነው።

ከዋክብቱ እርስ በርስ እየተራራቁ ነው፣ ስለዚህ ዱሮ አንድ ላይ ነበሩ ማለት ነው የሚለውን ያገኘሁት እዚያ ነው። ይህን ስነግረው አባቴ መሬቱን በመዳፉ መታው። «ይሄ ማስረጃ ነው!» አለ። የተበተነውን ጠጠር አይቶ ድማሚቱ የት እንደተቀበረ መገመት የድማሚት ቀባሪዎችም ሥራ ነው። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ወዲያው ግን ግንባሩ ተቋጠረ። «ፍንዳታ ካለ ጉድጓድ አለ» አለ። «ጉድጓዱ የት ነው? ጠይቂልኝ።»

መጽሐፉ ውስጥ ጉድጓድ የሚል ነገር የለም። ሦስት ቀን ፈለግኩ። በአራተኛው ቀን ደክሞኝ «ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶት ባሕር ሆኗል ብለዋል» አልኩት። እኛ ሰፈር ክረምት በመጣ ቁጥር የተተወው የካባ ጉድጓድ ውኃ ይሞላና ልጆች ይዋኙበታል፤ መልሱን ያገኘሁት ከዚያ ነው። አባቴም ሌላ ነገር አልታየውም። ራሱን እየነቀነቀ «አይ የተማረ ሰው!» አለ።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከከረምን በኋላ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ለወትሮው የምትሄደው እናቴ ነበረች። ያን ቅዳሜ ግን አባቴ ሠርጉ ላይ የለበሰውን ኮት ለብሶ ብቅ አለ። «ቲቸርን ማመስገን አለብኝ» አለ። እኛ ተማሪዎች ወንበር እንድናቀርብ ታዘን ስለነበር እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ዲሬክተሩ ስለ ባህሪና ስለ ማርፈድ ብዙ ተናገሩ። «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«እኔ ገመቹ እባላለሁ፣ የሌንሴ አባት ነኝ» አለ ቆቡን አውልቆ። «ካባ ነው የምሠራው። የኔን የመሃይም ጥያቄ ሳይሰለቹ በልጄ በኩል ሲመልሱልኝ ለከረሙት ለቲቸር መኩሪያ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ታላቁ ፍንዳታ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ። ጉድጓዱ ባሕር ሆኗል ብለውኛል። እኔ ደግሞ ባሕር አይቼ አላውቅም። የትኛው ባሕር ነው?»

ሳቁ ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ ደረሰ። የክፍሌ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ይንፈቀፈቃሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቲቸር መኩሪያ ዓይናቸውን አንስተው መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ቀጥለው አባቴን። ከወንበራቸው ተነሱ።

«አቶ ገመቹ፣ ስለ ባሕሩ የነገርኩዎት ስህተት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «ፍንዳታ የምንለው ለማስረዳት ያህል እንጂ እንደ እርስዎ ሥራ አንድ ቦታ ላይ የተቀበረ ነገር ኖሮ አይደለም። ቦታው ራሱ ነው የተለጠጠው። ስለዚህ ጉድጓድ የለውም፤ ሁላችንም ውስጡ ነን።»

«ከዚያስ በፊት?» አለ አባቴ።

«ከዚያ በፊት ያለውን አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም እስካሁን አላጋጠመኝም።»

አባቴ እጅ ነስቶ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ በመንገዳችን ላይ ያለውን ወንዝ ተሻገርን። ከተሻገርን በኋላ ቆም አለና «ደግ ሰው ናቸው» አለኝ። «ያላሉትን አልኩ አሉልሽ።»

«ጥያቄዬን ስጨርስ መጀመሪያ ያዩት አንቺን ነው» አለኝ። ከዚያ ለምን እንዳልጠየቅኩለት ጠየቀኝ።

«ይስቁብኛል ብዬ» አልኩት።

«ባንቺ ነው ወይስ በእኔ?»

ሁለት ወር ሙሉ ስዋሽ ከርሜ ያን ቀን አንዲት ውሸት አጣሁ። መሬት መሬቱን አየሁ። አባቴ ገባው። «እሺ» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጥያቄ ልኮብኝ አያውቅም። ማታ ይገባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይላል፤ እኔም «ጥሩ ነው» እላለሁ። ልክ እንደ ሌሎቹ አባቶች። ያን ዓመት ሙሉ እንደ ሌሎቹ አባቶች እንዲሆንልኝ ስመኝ ነበር፤ ሆነልኝ። ያኔ የገባኝን ያህል በሕይወቴ የገባኝ ጸጸት የለም።

ካባው ከተዘጋ ቆየ። አፈር ሞልተውት ላዩ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቶ ባየሁ ቁጥር እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ምን ላይ እንደሚተኙ ያውቁ ይሆን እላለሁ። መንገዱ ላይ የሚጮኸው አሁን «ለቡ! ለቡ!» የሚል የሚኒባስ ረዳት ነው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። እናቴ አርፋለች፤ አባቴ ለቡ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ያ ሁሉ ድማሚት ጆሮውን ይዞበት ሄዷል። ልጄ ናርዶስም እንደ ዘመኗ ልጆች የፈለገችውን ሁሉ ስልኳን ትጠይቃለች፤ ስልኩ ወዲያው ይመልሳል፣ እሷም ወደ ሌላው ታልፋለች። የሚያመሽ ጥያቄ ቤታችን ውስጥ የለም።

በቅርቡ እሷ ትምህርት ቤት የሳይንስ ቀን ተብሎ ወላጆች ተጠራን። አባቴን ቤት ብቻውን መተው ስላልፈለግኩ ይዤው ሄድኩ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ ወጣት ግድግዳው ላይ የከዋክብት ፎቶ እያሳየ አስረዳን። ሰማዩ ዛሬም እየሰፋ ነው ሲል አባቴ ክንዴን ጎተተኝ።

«ምን አለ?»

ጆሮው የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንም፤ አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «እየሰፋ ነው አለ!» ብዬ ጮህኩ። ልጆች ሳቁ። ከፊት የተቀመጠችው ናርዶስ አንገቷን ደፋች። እንዲያ አንገት መድፋት እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

«ካባው ሲሰፋ የአባቴን ማሳ በላ» አለ አባቴ በዚያው ድምፅ። «ከተማው ሲሰፋ ደግሞ ካባውን በላ። ይሄኛው ሲሰፋ የማንን ነው የሚበላው? ጠይቂልኝ።»

ያቺን «ጠይቂልኝ» ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ከአፉ ሰምቻት አላውቅም። ተነስቼ ጠየቅኩለት። ወጣቱ አልሳቀም። ከውጭ የሚበላው የሰው ድርሻ የለም፣ የሚለጠጠው ራሱ ነው፣ ከእሱ ውጭ ሌላ ቦታ መኖሩንም አናውቅም አለ። እያንዳንዷን ቃል አባቴ ጆሮ ሥር እየጮህኩ አደረስኩ፤ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ያኔ አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ወር አንሶኝ ነበር፤ አሁን የአንገቴ ሥር እስኪገተር ስጮህ ሰው ምን ይለኛል አላልኩም።

አባቴ አገጩን ከዘራው ላይ አስደግፎ አሰበ፤ የእውነት አሰበ። ሁሉም ይጠብቀው ነበር።

«አላሳመነኝም በይው» አለኝ።

አዳራሹ በሙሉ ሰምቶታል። ቢሆንም መልእክት ነውና ብድግ አልኩ። ናርዶስ ዞራ በዓይኗ ትለምነኛለች። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አባቴ አላሳመነኝም ይላሉ» አልኩ።