የአባቴ የጁምዓ ሸሚዝ

ዛሬ የቴሌቪዥን ሰዎች ታንኳ ስሠራ ሊቀርጹኝ መጡ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ፣ «አባባ፣ የጥንቱን እንዲመስል ኮትዎን ቢያወልቁ?» አለችኝ። የታንኳው ርጥብ ደንገል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነበርና የደርግ ጊዜ ትዝ አለኝ።

ያን ቀን አባቴ ከጁምዓ ስግደት ተመልሶ እዚሁ ጣና ዳር ደንገል ያስራል። እኔ ጫፉን ይዣለሁ። አንድ ካድሬ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ።

«ሸሚዝህን አውልቅ! ወይጦ ነጭ ለብሶ ማን ያምናል?»

ወይጦ የሚሉን ሲንቁን ነው፤ እኛ ስማችን ነገደ ነው። አባቴ ቀና እንኳ አላለም።

«ገመዱን ከለቀቅሁት ታንኳው ይፈታል። ጓድ፣ አንተው አውልቅልኝ።»

ካድሬው ሽጉጡን ጨብጦ ቀረበ። እኔ ሽንቴ አመለጠኝ። ሰዉ ቆሞ ያያል። ካድሬው ክንድ ሲቀረው ቆመ።

«እኩል ነን ስትሉ አልነበር? ና እንጂ!» አለው አባቴ።

ካድሬው ላቡን ጠረገና፣ «እንዲሁ አንሳው!» ብሎ ካሜራ በያዘው ሰው ላይ ጮኸ።

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ ወዲህ ነው፤ ያኔ እኛን የነካ ይረክሳል ይባል ነበር።

ዛሬ እኔም ልጅቱን፣ «ገመድ ይዣለሁ፤ አንቺው አውልቂልኝ» አልኋት። እየሳቀች መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። አባቴ ይህን ሳያይ ሞተ።

«ተይው ልጄ» አልኋት፣ «ኮቱስ ይቆይ።»